አዳራሹ የት ገባ?

አርክቴክቱ የመጀመሪያውን ትልቅ ሥራውን ጨርሷል፤ በኮረብታ ወገብ ላይ የተሠራ የባህል አዳራሽ። ምርቃቱ ዛሬ ነው። እንደ ሌላው እንግዳ በታች በአስፋልቱ መግባት ሲችል፣ ያሳደገውን አጎቱን ይዞ ከላይ በኩል በእግሩ መጣ። አጎቱ ሥራውን አይቶለት ስለማያውቅ፣ ሊያስደንቀው ፈልጎ ነው። ራሱ አርክቴክቱ ግን ክረምቱን ሙሉ ወደዚህ ብቅ አላለም። አሁን ሁለቱም ሣር መሃል ቆመው ይከራከራሉ።

አጎት፦ እኔ የምልህ፣ እንመለስ ነው። ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ራሰ።

አርክቴክቱ፦ ደርሰናል አጎቴ። ይቺን ጉብታ ስንሻገር ነው።

አጎት፦ የቅድሟንም እንደዚሁ ብለህ ነው ያሻገርከኝ።

አርክቴክቱ፦ ያቺ ሌላ ጉብታ ናት።

አጎት፦ አገር ምድሩን የሚይዝ አዳራሽ እንዴት ይጠፋል? መርፌ ነው?

አርክቴክቱ፦ አልጠፋም። ተዋህዶ ነው።

አጎት፦ ከማን ጋር?

አርክቴክቱ፦ ከተፈጥሮ ጋር። ሌላው ሰው ሲገነባ ዝም ብሎ መሬቱ ላይ ይጭንበታል። እኔ ግን መጀመሪያ መሬቱን አዳመጥኩት።

አጎት፦ [ጥቂት አስቦ] ምን አለህ?

አርክቴክቱ፦ ማን?

አጎት፦ መሬቱ ነዋ።

አርክቴክቱ፦ አነጋገር ነው አጎቴ። ቁልቁለቱን፣ ንፋሱን፣ የጎርፉን መውረጃ አጠናሁ ማለቴ ነው። ከዚያ ህንጻው ከኮረብታው ጋር እንዲነጋገር አደረግኩት።

አጎት፦ እንግዲያው ጥራው።

አርክቴክቱ፦ ምኑን?

አጎት፦ ህንጻውን። አፍ ካለው አቤት ይበለና እንሂድ።

[አርክቴክቱ በረዥሙ ተነፈሰ። አጎቱን ከልቡ ይወደዋል፤ ነገር የሚገባው ግን ዘግይቶ እንደሆነ ከልጅነቱ ጀምሮ ያምናል። ሰዓቱ ደግሞ እየሄደ ነው። ስልኩን አወጣ፤ ኔትወርክ የለም።]

አጎት፦ እኔ ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል? «ያ ያሳደግከው ልጅ ምን ይሠራል?» ይሉኛል። «ቤት ይሠራል» እላለሁ። «የታለ?» ይሉኛል። ዛሬ አሳይዎታለሁ ብለህ አምጥተህ ሣር አሳየኸኝ።

አርክቴክቱ፦ ጥበቡ እኮ አለመታየቱ ላይ ነው። ከሩቅ ከታየ ተበላሸ ማለት ነው።

አጎት፦ ታዲያ ተሳክቶልሃል። ከቅርብም አልታየ።

አርክቴክቱ፦ ያኔ ሲሠራ ክሬኑ ነበረ፣ እንጨቱ ተገጥግጦ ነበረ፤ ምልክቱ ብዙ ነው። አሁን ያ ሁሉ ተነሳ። ግድግዳው ከዚሁ ከኮረብታው ድንጋይ ነው። ጣሪያው ላይ ደግሞ አፈር አልብሼ ሣር ዘርቼበታለሁ።

አጎት፦ ጣሪያ ላይ ሣር? ማን ሊያጭደው?

አርክቴክቱ፦ አይታጨድም።

አጎት፦ ካልታጨደ ላም ይወጣበታላ።

አርክቴክቱ፦ እንኳን ላም፣ ሰውም አይወጣበትም። ማንም ድርሽ እንዳይል ብዬ የከለከልኩት እኔው ራሴ ነኝ።

[አጎት ድንገት ቆመ። ቁልቁል ወደ ጫማው አየ።]

አጎት፦ ሰው ያወራል።

አርክቴክቱ፦ የት?

አጎት፦ እዚህ፣ ከእግሬ ሥር።

አርክቴክቱ፦ ንፋስ ነው አጎቴ።

አጎት፦ ንፋስ «ክቡራንና ክቡራት» ይላል?

አርክቴክቱ፦ ደክሞዎት ነው። ትንሽ አረፍ ይበሉ።

አጎት፦ ይኸው፣ አጨበጨቡ። ልጄ፣ ይሄ ቦታ ዱሮ መቃብር ነበር እንዴ?

አርክቴክቱ፦ ኧረ እባክዎ፣ ሰው እንዳይሰማዎት። መሬት አያጨበጭብም።

አጎት፦ ይናገራል ያልከኝ አንተ አይደለህ? የሚናገር ነገር ማጨብጨብ ያቅተዋል?

[አርክቴክቱ አጎቱን ሊያሳምን ተንበረከከና ጆሮውን ጭቃው ላይ ለጠፈ። ከጆሮው ሥር የአንዲት ሴት ድምፅ በድምፅ ማጉያ «የህንጻው አርክቴክት ወደ መድረክ ይምጡልን» አለ። ሣሩን በሁለት እጁ ገለጠው። ለብርሃን ብሎ ያስገጠመው መስታወት ብቅ አለ። ከታች የአዳራሹ ሰው በሙሉ አንጋጦ ያየዋል።]

አርክቴክቱ፦ [በሹክሹክታ] አጎቴ፣ ጣሪያ ላይ ነን።

አጎት፦ የማን ጣሪያ?

አርክቴክቱ፦ የኔ።

አጎት፦ ድርሽ የማይባልበት?

አርክቴክቱ፦ አዎ።

አጎት፦ አሃ። በሩ ያ ቋጥኝ መሃል ያለው ነበራ።

አርክቴክቱ፦ አይተውት ነበር?

አጎት፦ አንተ ሽቅብ እያየህ ስለ ንፋስ ስታስረዳኝ አልፈነው ነው ተመልሰን የወጣነው። ሱፍ የለበሰ ሰው ተሰልፎ ወደ ድንጋይ ሲገባ አየሁና ሽንት ቤት መሰለኝ። ቸኩለው ነው ብዬ ዝም አልኩህ።

[ከመስታወቱ ጎን ያለው አየር ማስገቢያ ክፍት ነው። ሴትዮዋ ከታች «እዚያ ላይ ማነው?» አለች። የአርክቴክቱ የስንት ዓመት ልፋት በአንዲት ደቂቃ መሳቂያ ሊሆን ነው። አጎት ወገቡን ይዞ ጎንበስ አለ።]

አጎት፦ [ወደ አየር ማስገቢያው] አርክቴክቱ ነው፣ እመቤት። ከሥሩ ሰው ተቀምጦ፣ ጣሪያውን ከላይ ራሴ ቆሜ ካልሞከርኩት ልቤ አይረጋም ብሎ ነው። እኔን የጨመረኝ ለክብደት ነው።

[ከታች ሳቅ መጣ፤ ከሳቁ ኋላ ረዥም ጭብጨባ። «በሉ ውረዱ፣ እንጠብቃለን» አለች ሴትዮዋ።]

አርክቴክቱ፦ ይሄን ደግሞ ከየት አመጡት?

አጎት፦ አንተን ሳሳድግ ስንት ጎረቤት «ልጅህ መስኮቴን ሰበረ» እያለ ደጄ የቆመ ይመስልሃል? ያኔ የለመድኩት ነው። ና፣ ጆሮህን ጥረግ።

[አጎት ከፊት፣ አርክቴክቱ ከኋላ ሆነው ወረዱ። በሩ ላይ የቆመው አስተናጋጅ አንደኛውን አየ፤ ሽበቱ የተበጠረ፣ ኮቱ የተቆለፈ ነው። ሌላኛውን አየ፤ ከጆሮው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ለአጎት እጅ ነስቶ «እንኳን ደስ ያለዎት አርክቴክት። ሹፌርዎ ግን እዚሁ ይቆይ» አለ።]

አጎት፦ ሹፌር እንኳን አይደለም። መንገድ ስለማያውቅ መኪና አምኜ አልሰጠውም። ይህን ቤት የሠራው ግን እሱ ነው፤ የኔ ልጅ ነው።