የኢንጂነር መኳንንት በር ጠባቂ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ሲጠለል ምን ጠብ ይላል? በየሰፈሩ የማይጠፋውን ያን ተጠራጣሪ ሰው ባየሁ ቁጥር ይህን አስባለሁ። ወተቱን ሳያሸት አይጠጣም። በሩን ቆልፎ መልሶ ይገፋል። «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» እያለ የሚጮኸውን የታክሲ ረዳት ጠጋ ብሎ «ጦር ኃይሎች ነው?» ይለዋል። የእንዲህ ዓይነቱ ሰው የኮልፌ ተወካይ ክቡር ጎረቤቴ ኢንጂነር መኳንንት ናቸው፤ ለቅሶ ቤት እንኳ የሟቹን ስም ከነአባቱ ሳያጣሩ አይቀመጡም።

እንጀራቸው በየኮንዶሚኒየሙ ሕንፃ ተቀምጣ የውሃ ፓምፑን የምታዝ ትንሽ ኮምፒውተር ነበረች። እሷ ስትነሳ አስቀድማ የምትነቃ ቁራጭ ፕሮግራም አለች፤ ሥራዋ ትልቁን ፕሮግራም መቀስቀስ ነው። ኢንጂነር «በር ጠባቂዋ» ይሏታል። የትልቁ ፕሮግራም አዲስ ፋይል ሲመጣ ከፋይሉ የሚወጣውን ረጅም ቁጥር ላኪው ከሰጠው ጋር ሳያስተያዩ አይጭኑም፤ ከፋይሉ ቅንጣት ከጎደለች ቁጥሩ ይለወጣላ። ቁጥሩን «አሻራ» ስለሚሉት፣ ቢሮው ሻይ ሲቀዳ ሳይቀር «አሻራው ገጠመ?» እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

አንድ ቀን አዲስ ፋይል መጣ። በዕድሜ ልጃቸው የምትሆነው አለቃቸው ትሕትና ቸኮለች።

«ጋሽ መኳንንት፣ ከራሳችን ሰርቨር የወረደ ነው እኮ። ራሳችንንም እንጠርጥር?»

«ከራስ የበለጠ የሚያታልል ማን አለ፣ ልጄ?»

ተሳቀ፤ አሻራው ሳይታይ ተጫነ። ፋይሉ ለካ ሲወርድ መብራት ሄዶ የተቆረጠ ግማሽ ኖሯል። በየሕንፃው ያሉት ኮምፒውተሮች ሊነሱ ይሞክራሉ፣ ይወድቃሉ፣ ደግሞ ይሞክራሉ። ፓምፑ ቆመ፤ ቧንቧው ደረቀ። ክቡርነታቸው ኬብላቸውን በብብታቸው ሸጉጠው፣ ከሕንፃ ሕንፃ እየዞሩ አንድ በአንድ ቀሰቀሷቸው። ደረጃ ላይ ጄሪካን የተሸከመች ሴት «እናንተ ናችሁ አይደል ያደረቃችሁን?» አለቻቸው። «እኛ ነን» አሉ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እኔም በሬን መልሼ እገፋለሁ።

ጡረታ ሲወጡ ሽኝታቸው ላይ ነበርኩ። ትሕትና ምን እንዲደረግላቸው እንደሚሹ ጠየቀቻቸው።

«ከእኔ በኋላ የሚጠይቅ የለም» አሉ። «በር ጠባቂዋ ራሷ አሻራ እንድትጠይቅ፣ ካልገጠመም በድሮው ፕሮግራም እንድትነሳ አድርጉልኝ። ሌላ አልፈልግም።»

ተጨበጨበ። ጋቢ አለበሷቸው።

ጠርዙን ገልበጥ አድርገው ስፌቱን ሲያዩ አየኋቸው። ስፌቱ ደህና ነበር። በር ጠባቂዋ ግን ዛሬም አሻራ ሳትጠይቅ የሰጧትን ሁሉ ታስገባለች።