የጋሽ ዴልበርት ቀላቢ

ተጫዋች መልማይ ከሚባል ፍጥረት አፍ እውነት ወጥቶ አያውቅም። አላጋነንኩም። እኛ ሚሲሲፒ ፀደይ ሲገባ፣ በየኮሌጁ ቤዝቦል ሜዳ፣ ልክ ኳሱን በዱላ ከሚመታው መቺ ኋላ ባለው መቀመጫ ላይ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው የደፉ ሽማግሌዎች ተደርድረው ታገኛላችሁ። የሱፍ ፍሬ ያኝካሉ፣ ቅርፊቱን ይተፋሉ፣ ይዋሻሉ። ሥራቸው ለትልልቆቹ ክለቦች ልጅ መመልመል ነው። የወደዱትን ልጅ ሌላ ክለብ እንዳይነጥቃቸው ግን ልጁን እንዳላዩት ሆነው መዋል አለባቸው። "ያ ልጅ እንዴት ነው?" ብትሉት "የትኛው?" ይላችኋል። ዓይኑን እዚያው ልጅ ላይ ተክሎ ነው እንግዲህ።

የዚህን ሰው ዘመድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከብት ጨረታ ላይ ልቡ የከጀላትን ጊደር "ይቺማ እቤቴ ሳትደርስ ትሞትብኛለች" እያለ ሲያጥላላ ውሎ፣ በመጨረሻ እሷኑ ጭኖ የሚሄደው ሰውዬ ማለቴ ነው።

የእነዚህ ሁሉ አለቃ፣ የዋሾዎች ሊቀ መንበር፣ ክቡር ጋሽ ዴልበርት ክራንፊልድ ናቸው። ሌሎቹ መልማዮች የወደዱትን ልጅ እያዩ ዝም ይላሉ። ለጋሽ ዴልበርት ዝምታ አይበቃቸውም፤ ይሰድቡታል። መጀመሪያ ረጅም ትንፋሽ ይስባሉ፤ ቀጥለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ከዚያ "ዓይኔ አዘነ!" ይላሉ። ይህችን ካሉ አንድ የሰው ልጅ ሊዋረድ ነው። አንድ ጊዜ ለመቺው ኳስ የሚወረውር አንድ ግራኝ ወርዋሪ አይተው፣ "ይሄ ልጅ በየደጁ ጋዜጣ እየወረወረ ቢያድል ይሻለው ነበር፤ እሱም ግማሹ ጣሪያ ላይ ነው የሚቀረው" አሉ። መልማዮቹ በሳቅ ፈረሱ። ልጁን በዚያው ዓመት ለክለባቸው አስወሰዱት፤ ዛሬ ቤት ሠርቶ፣ ወልዶ ይኖራል።

አመላቸው ሜዳ ላይ ብቻ አይቀርም። ሚስታቸው ኧርሊን የፒካን ለውዝ ኬክ ስትጋግር "ሌላ ሰው በልቶት እንዳይጎዳ" ብለው ብቻቸውን ይጨርሱታል። ፓስተራችን ሰብኮ ሲወርድ "ደህና ነበር፤ እንቅልፌን አልረበሸኝም" ይሉታል፤ መኪና ጋ ሳይደርሱ ግን ስብከቱን ከነጥቅሱ ለኧርሊን ሲደግሙላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔንም አይምሩኝም። ለከተማችን ጋዜጣ ስጽፍ ፀጉሬ ሸብቷል፤ እሳቸው ግን ባገኙኝ ቁጥር "አንቺ፣ ያቺን ጽሑፍሽን አየኋት፤ ጋዜጣው አሳ ለመጠቅለል በጣም ጥሩ ነው" ይሉኛል። እኔም "ለርስዎ አፍ መጠቅለያ ቢሆን ነበር ደግ" እላቸዋለሁ። እንዲህ ነው የምንዋደደው።

አምና ግን ይህ አመል ጉድ ሠራቸው።

በኮሌጃችን ዋይላን ሆክስ የሚባል ቀላቢ ነበረ። ቀላቢ ማለት ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ፣ ወርዋሪው የሚልከውን ሁሉ የሚቀልብ፣ ሯጭ ከአንዱ ማረፊያ፣ ቤዝ ከሚሉት፣ ወደ ቀጣዩ ሾልኮ ሊሰርቅ ሲሮጥ ኳሱን ቀድሞ እዚያ የሚያደርስ፣ ጉልበቱ የሚያልቅ፣ ጣቱ የሚሰበር፣ ማንም ዞር ብሎ የማያመሰግነው ምስኪን ነው። ዋይላን ወፍራም ነው። ሲሮጥ ያሳዝናል፤ ይህን እናቱ ራሞናም አትክድም። የኮሌጅ የመጨረሻ ዓመቱ ነበር። ሐምሌ ላይ ክለቦቹ ልጆች ሲመርጡ ከመካከላቸው አንዱ ስሙን ካልጠራ ቤዝቦል አበቃለት፤ ጣሪያ የሚሠራው አጎቱ መሰላል አዘጋጅቶ እየጠበቀው ነው። ልጁ ከጨቅላነቱ ጀምሮ የቀላቢ ጓንቱን ሳያጠልቅ የተኛበት ቀን የለም፤ ይህን ደግሞ ከተማው በሙሉ ያውቃል።

ጋሽ ዴልበርት ወደዱት። እንዴት አወቅሽ አትሉኝም? ማንንም ሰድበው በማያውቁት አሰዳደብ ሰደቡታ!

"ወደ ሁለተኛ ቤዝ ሲወረውር፣" አሉ መልማዮቹ በተሰበሰቡበት፣ "ኳሱ መንገድ ላይ ምሳውን በልቶ ነው የሚደርሰው።" በሌላ ቀን ደግሞ፣ "ቁጢጥ ካለበት ለመነሳት ክሬን ያስፈልገዋል" አሉ።

ክሬን የምትለዋ ነገር እሳት ሆነች። መልማይ ዝም ያለን መልማይ ይጠረጥራል፤ የሚያስቅ ነገር የተናገረን ግን ማን ይጠረጥራል? ተቀባበሏት። ከመልማዮቹ ወደ ተመልካቹ፣ ከተመልካቹ ወደ እንግዳ ቡድን ተማሪዎች ወረደች። ዋይላን ዱላውን ይዞ በወጣ ቁጥር "ክሬን! ክሬን አምጡለት!" ይሉ ጀመር።

ራሞና ከልጇ ጨዋታ ቀርታ አታውቅም። በጨው ውሃ የተቀቀለ ለውዟን በከረጢት ይዛ፣ ከላይ በኩል ትቀመጣለች። ጩኸቱ ሲነሳ ፊቷ ቲማቲም ይመስላል።

"ይህን ስም ያወጣለትን ሰው፣" አለችኝ አንድ ቀን ጥርሷን ነክሳ፣ "እግዜር እጄ ላይ ይጣልልኝ። ሌላ ምንም አልለምነውም።"

"አሜን" አልኩ። ምን ልበል?

ነገሩ ሲከነክነኝ ጋሽ ዴልበርትን ልምምድ ላይ ብቻቸውን አገኘኋቸውና ጠየቅኳቸው። "እውነት ይህ ልጅ አይረባም?"

ግራ ቀኙን ገላመጡ። ሰው የለም። "ጠጋ በይ" አሉኝ። "ወርዋሪው ኳስ ሲያበላሽ ልጁ ምን እንደሚያደርግ ልብ ብለሻል? ደረቱን ይመታል። 'የኔ ጥፋት ነው' ማለቱ ነው። የሱ ጥፋት አይደለም እኮ! ግን ያ ብርክ የያዘው ወርዋሪ ቀና ይላል፤ ቀጣዩን ኳስ እንደ ሰው ይወረውራል። እግሩን እናሠለጥነዋለን፣ ሆዱን እናስቀንሰዋለን። ይሄንን ግን የት አገር ነው የሚያሠለጥኑት?" ወዲያው ራስቲ ብሎጀት፣ የሌላ ክለብ መልማይ፣ የዕድሜ ልክ ባላንጣቸውና የአሳ ማጥመድ ጓደኛቸው፣ በአጥሩ በኩል ብቅ አለ። ጋሽ ዴልበርት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ድንጋይ ነው ስልሽ! ድንጋይ!" አሉ።

ለክለባቸው ግን እውነቱን ነግረዋል። ስልክ ደውለው "ይህን ልጅ ሳትወስዱ ብትቀሩ እኔ የለሁላችሁም" ብለዋል። ስለዚህ አለቃቸው ብሬንት ልጁን በዓይኑ ሊያይ መጣ። ብሬንት ክፉ ሰው አይደለም፤ ራሱም መልማይ ነበረ። ጠንቃቃ ሰው ያደርገዋል የምትሉትን ነው ያደረገው። ጋሽ ዴልበርትን ከማግኘቱ በፊት የሌሎቹን ክለቦች መልማዮች አንድ በአንድ እየዞረ፣ ቀዝቃዛ ሻይ እየጋበዘ፣ እንደ ዋዛ ስለ ቀላቢው ጠየቃቸው። ጉድ ተመልከቱ እንግዲህ፤ እነዚያ ሁሉ ዋሾዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያምኑትን ነገር ተናገሩ። ክሬን፤ ምሳ የሚበላ ኳስ። ሁሉም አንድ አፍ ሆኑ፤ አፉ ግን የጋሽ ዴልበርት ነበር።

በኮሌጃችን የመጨረሻ ጨዋታ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ብሬንት መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ።

"ጋሼ፣ ልጁን ትተነዋል።"

"ምን ሲደረግ?"

"ሰው ሁሉ አይረባም ነው የሚለው። ይረባል ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።"

"እኔ ነኝ እኮ ያስወራሁት! እንዳይነጥቁን ብዬ! ውሸት ነው!"

ብሬንት ትክ ብሎ አያቸው። "ታዲያ የዋሹት ለእነሱ ነው ወይስ ለእኔ?"

ጋሽ ዴልበርት የሱፍ ፍሬውን ማኘክ ተዉ። አንጀቴን በሉት። 

ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው የእንግዳው ቡድን ሯጭ ሁለተኛ ቤዝ ሊሰርቅ ፈረጠጠ። ወርዋሪያችን ተንቀራፈፈ። ዋይላን ኳሱን እንደቀለበ ብድግ ብሎ ላከው፤ አልደረሰም። ሯጩ በደረቱ ተንሸራቶ ገባ። መቀመጫው በሙሉ "ክሬን! ክሬን! ክሬን!" አለ። ዋይላን ወደ ወርዋሪው ዞሮ ደረቱን መታ። ራሞና አንገቷን ደፋች።

ያኔ ጋሽ ዴልበርት ተነሱ።

"ዝም በሉ!" አሉ። ለካ ያ ሁሉ ሹክሹክታ ይህን የሚያህል ድምፅ ሸሽጎ ኖሯል! ዳኛው ሳይቀር ዞረ። "ክሬን ያልኩት እኔ ነኝ! እኔ ዴልበርት ክራንፊልድ! ዋሽቼ ነው! እንዳትወስዱብኝ ብዬ ነው የዋሸሁት! ያቺ ኳስ የዘገየችው በቀላቢው አይደለም፤ ወርዋሪው ስላንቀላፋ ነው! ልጁማ ቤዙ ጫፍ ላይ ነው ያሳረፋት፤ ዓይን የላችሁም? ደረቱን ለምን እንደሚመታ ያልገባው መልማይ ካለ ባርኔጣውን ያውልቅና ቤቱ ይግባ! ከዚህ ሜዳ አንድ ልጅ ብቻ ውሰድ ብባል እሱን ነው የምወስደው! ስማኝ ራስቲ! ሁላችሁም ስሙኝ! ስረቁኝና ውሰዱት! ብቻ ውሰዱት!"

ከራስቲ አፍ የሱፍ ፍሬው ረገፈ። መልማይ ሆኖ፣ በሌሎች መልማዮች ፊት፣ የሚወደውን ልጅ ስም ጠርቶ ያወደሰ ሰው በእኛ አገር ታይቶ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልብሱን ቢያወልቅ ይሻላል።

"ይቀመጡ ጋሼ" አለ ብሬንት፣ እጅጌያቸውን ይዞ። "ባላንጣዎቻችን እየሰሙ ነው።"

"ይስሙ!"

"ከሥራዎ ነው የሚባረሩት።"

"አልቀመጥም!"

 ራሞና ከላይ ከመቀመጫዋ ተነስታ ደረጃውን ቀስ እያለች ወረደች። መንገድ ለቀቅንላት። ጋሽ ዴልበርት ፊት ቆመች፤ የለውዝ ከረጢቷን ከነጨው ውሃው ባርኔጣቸው ላይ ገለበጠችው።

"ይሄ ለክሬኑ ነው" አለች። ከዚያ ብሬንትን "ተነስ እስቲ" ብላ ቦታውን ወሰደችና አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ወደ እሳቸው ዞረች፣ አንቱታውንም ተወች። "በል አሁን ድገመው። ስለ ደረቱ ያልከውን።"

ጨው ውሃው ከአፍንጫቸው ጫፍ እየተንጠባጠበ ደገሙት። ጮክ ብለው። ሦስተኛም ብትል ይሉት ነበር።

ክለቡ አሰናበታቸው። ፀጉር ቤት ውስጥ "አብደዋል" የሚል ነበር፤ "እንጀራ ያበላቸውን ክለብ ከዱ" የሚልም አልጠፋም። ከዱ! እስቲ እዚያ መቀመጫ ላይ ቆሞ ሥራውን በገዛ አፉ የጣለ ሌላ ሰው ካለ ያምጡልኝና ልየው። ይህንኑ ጋዜጣው ላይ ጻፍኩ፤ አዘጋጁ "ትንሽ አለዝቢው" አለኝ፤ "ካለዘብከው አልጽፍልህም" አልኩት። ጽሑፉ እንዳለ ወጣ።

የምርጫው ዕለት ራሞና ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ተሰበሰብን። አሳ ተጠብሷል፤ የሚበላ ግን የለም። ስም ይጠራል፣ ይጠራል፤ የዋይላን የለም። ልጁ ሶፋው ላይ እጆቹን ጉልበቶቹ መካከል ከቶ ተቀምጧል። አጎቱም መጥቷል፤ ደግ ሰው ነው፣ ስለ ጣሪያ ትንፍሽ አላለም። ጋሽ ዴልበርት ጥግ ይዘው ሳህናቸውን እንደታቀፉ ቀርተዋል። ብሬንት ጋ ተራው ደረሰ፤ ሌላ ልጅ ወሰደ። እንደገና ደረሰ፤ እንደገና ሌላ። ምርጫው ሊያበቃ ነው። ራሞና ተነስታ፣ ማንንም ሳታይ፣ ሳህን ትሰበስብ ጀመር።

ከዚያ የራስቲ ክለብ "ዋይላን ሆክስ፣ ቀላቢ" አለ።

ቤቱ ሊፈርስ ነበር። ራሞና የሰበሰበችው ሳህን ሁሉ መሬት ነው። ጋሽ ዴልበርት በጩኸቱ መሃል ስልካቸውን አወጡና ደወሉ።

"ራስቲ! አንተ ሌባ! ልጄን ሰረቅከኝ አይደል?"

"ጋሼ፣" አለ የራስቲ ድምፅ፣ "ስረቁኝ ያሉት ማን ሆነና ነው?"

"እኔ ነኛ! ታዲያ እስካሁን ምን አባክ ትሠራ ነበር? አሳው በረደብኝ እኮ!" ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጉበት። እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል፤ ሊደብቁትም አልሞከሩ። ዋይላን ከነሳህናቸው አቅፎ ከመሬት አነሳቸው።

ዘንድሮ ፀደይ ሲገባ፣ ክለብ የሌላቸውን መልማይ ከመቺው ኋላ ያንኑ ቦታቸውን ይዘው አገኘኋቸው።

"ለማን ነው የሚመለምሉት?" አልኳቸው።

"ለማንም" አሉ። "ጡረተኛ ነኝ፤ ምን ያመጣሉ?"

አሁን የሚያደርጉት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ማንም የማያየውን ልጅ ያያሉ፤ አንዱን ከሲታ፣ አንዱን ደንባራ። ከዚያ ይነሱና በሙሉ ድምፃቸው ያወድሱታል። ስሙን፣ እጁን፣ ልቡን፣ ሁሉንም። መልማዮቹ ምስጢር የሚባል አልቀራቸውም፤ ቦታ ቢቀይሩ ድምፃቸው ይከተላቸዋል። ኮሌጁ ዝም እንዲሉ ሰው ላከባቸው፤ የተላከውን ሰው አጠገባቸው አስቀምጠው ስለ አንድ ወርዋሪ አስረዱት። ራስቲ "ጋሼ፣ በእናትዎ፣ የልጅ እንጀራ አይዝጉብኝ" ብሎ ለመናቸው፤ "የማንን ልጅ?" አሉት።

ባለፈው ሐሙስ አንድ ወጣት መልማይ ተስፋ ቆርጦ ወደ እኔ ዞረ። "እባክሽ፣ አንቺ ታውቂያቸዋለሽ" አለኝ። "አንድ ነገር በያቸው።"

አውቃቸዋለሁ። ጉሮሮዬን ጠርጌ ተነሳሁ።

"ጋሽ ዴልበርት!" አልኩ በሙሉ ድምፄ። "ከወዲያ ጥግ ያሉት አልሰሙም!"