ለቅሶ የመጣው ሠልጣኝ

ወደ አገራችን ከመላኩ በፊት ዴንቨር ላይ አማርኛ የሚሠለጥን የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኛ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን የገጠመኝ ቻምበርስ ሮድ ባለው አፓርታማችን፣ በታላቅ ወንድሜ ለቅሶ ላይ ነው። ማርክ ይባላል። አስተማሪው የሰፈራችን ሰው ነውና ስለ ሐዘን ቤት የተማረውን በተግባር እንዲለማመድ ይዞት መጣ። የሕክምና ተማሪ በሬሳ ይማር የለ? የዲፕሎማሲ ተማሪ በእኛ ቢማር ምን ይገርማል?

ማርክ ጎንበስ ብሎ “እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ ነፍስ ይማር” አለ። ለቅሶው ቀጥ አለ።

“እስቲ ድገመው የኔ ልጅ” አሉ ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

ደገመው።

“የኛዎቹ እዚህ ተወልደው ‘ሃይ’ ነው የሚሉን” አሉ የዕድራችን ሰብሳቢ ጋሼ ተስፋዬ። “ይኼ አምባሳደር ይሆናል።”

ወጥ ተጨመረለት፤ አብረውት ፎቶ ተነሡ። የእህቷን ልጅ ቪዛ አደራ ያለችውም አለች። እኔ ጥግ ይዤ፣ አንድ ሰው የወንድሜን ስም እንዲያነሣልኝ እጠብቃለሁ።

በመጨረሻ ማርክ አጠገቤ ተቀመጠ።

“ወንድምህ ምን ዓይነት ሰው ነበር?”

ይኼም ከመማሪያ መጽሐፉ እንደሆነ ገብቶኛል። ቢሆንም ጀመርኩ። አየር ማረፊያ ዊልቼር እየገፋ ባገኘው ገንዘብ እንዳስተማረኝ፣ የሚገፋቸውን አሮጊቶች እንዴት እንደሚያስቃቸው ነገርኩት። ማርክ ስልኩን አወጣ።

“ይቅርታ፣ ፈጠንክብኝ። ቀስ ብለህ ትደግምልኛለህ? ልቅረጸው።”

ልቆጣ ነበር። ግን ከዚያ ሁሉ ሰው ስለ ወንድሜ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። ቀስ ብዬ፣ እየተደናቀፍኩ፣ ከመጀመሪያው ደገምኩለት።