ከዋርካው ወደ ኩይሳው

ተረቴን ላምጣ፤ እናንተም ጆሯችሁን አምጡ።

ድሮ ድሮ አንድ ጫካ ውስጥ፣ በጋ ሲገባ የማይደርቅ አንድ ኩሬ ብቻ ነበረ። ኩሬው ለዚያ ሁሉ አውሬ በአንድ ጊዜ ስለማይበቃ የመጠጫ ተራ ወጣ። ተራው የሚጻፈው ከኩሬው አጠገብ በቆመው ትልቅ ዋርካ ግንድ ላይ ነበር። እያንዳንዱ አውሬ በጥፍሩ፣ ጥፍር የሌለው በቀንዱ ወይም በሰኮናው፣ ስሙን፣ የሚመጣበትን መንገድና የሚጠጣበትን ሰዓት በአንድ መስመር ይጭራል። ቀጭኔ አንገቷ ስለሚደርስ ከሁሉም በላይ ጻፈች።

በዚያ ጫካ ታዲያ አንድ ልማድ ነበረ። ከበላይ ያለው የጻፈውን ደግሞ መጻፍ እንደ ድፍረት ይቆጠር ነበር። ስለዚህ ሰዓቱ ከላይኛው ጋር አንድ የሆነ ሁሉ «እኔም እንደ እሳቸው» ለማለት በሰዓቱ ቦታ አንዲት አጭር ጭረት ብቻ ያደርጋል። ነገሩ በትሕትና ተጀምሮ ኋላ ስንፍና ገባበት። አንበሳ እንኳ መጻፍ ስለሚሰለቸው ከቀጭኔ ሥር አንዲት ጭረት አድርጎ ሄዷል።

የዋርካው ጸሐፊ እመት ጃርት ነበረች። እሾህ ከጀርባዋ ስለማይጠፋ የደበዘዘውን መስመር ሁሉ እየጫረች የምታደምቀው እሷ ናት። ሥራው ግን አንገሽግሿት ነበር። አንድ መንገድ በወደቀ ዛፍ ሲዘጋ፣ በዚያ መንገድ የሚመጡትን ሁሉ ከግንዱ ላይ እየፈለገች መፋቅና እንደገና መጻፍ አለባት። ሁልጊዜ አንዱ ያመልጣታል፤ የሚያመልጣት ደግሞ ሁልጊዜ ቁጡው ነው።

አንድ ቀን አውሬዎቹ ለጉባኤ ሲሰበሰቡ ጃርት ተነስታ ሐሳቧን አቀረበች።

«ጌታችን፣ ከዋርካው ወደ ምስጦቹ ኩይሳ እንዛወር። ኩይሳ ውስጡ ክፍል ክፍል ነው። አንዱን ለስም፣ አንዱን ለመንገድ፣ አንዱን ለሰዓት እናድርገው። ከእያንዳንዱ ስም ወደ መንገዱና ወደ ሰዓቱ የሚያደርስ ቀዳዳ ይቆፈር። ከዚያ ወዲያ መንገድ ቢቀየር አንድ ቦታ ላይ መቀየር ብቻ ነው፤ ለሁሉም ይደርሳል።»

«ይህን ሁሉ ማን ያጓጉዘዋል?» አለ አንበሳ።

«ምስጦች ናቸዋ! ትእዛዙን አንዴ አዘጋጅቼ እነግራቸዋለሁ። ከላይ ወደ ታች እያነበቡ ሁሉንም በየክፍሉ ያስገባሉ፤ ጭረት ሲያገኙ ከበላዩ ያለውን ሰዓት ይወስዳሉ። ምስጥ አትደክም፣ አትጠይቅ፤ ያሏትን ብቻ ነው የምትሠራው።»

አንበሳ ምንም አልገባውም። አልገባኝም ማለት ደግሞ ከንጉሥ አይጠበቅምና ራሱን ነቀነቀ። እሱ ሲነቀንቅ ሁሉም ነቀነቁ፤ እንቅልፍ ወስዶት የነበረው ጉማሬ ሳይቀር።

«መጀመሪያ ግን በጥቂት መስመሮች እንሞክረው» አለች ጃርት።

የንጉሡ ባለሟል ቀበሮ ከመቀመጫው ተስፈነጠረ። «ጌታችን ራሳቸውን ነቅንቀው ያጸደቁትን ነገር ደግሞ ልንሞክረው? ደግሞስ ንጉሥ ከቀጭኔ ሥር ሆኖ ነው ወደ አዲስ ቤት የሚገባው?» አለና ዝንጀሮዎቹን አዘዘ። ዝንጀሮዎቹም የዋርካውን ቅርፊት መስመር በመስመር ልጠው በክብር ቅደም ተከተል መሬት ላይ ደረደሩት። አንበሳ አንደኛ ሆነ። ሁለተኛው ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ራሱ ቀበሮ ነው። ከቀበሮ ጋር የተቀያየመው ጅብ ወደ ታች ተወርውሮ ከሚዳቋ በላይ ተገኘ።

ጃርት ድርድሩን ስታይ ልቧ ድንግጥ አለ። እያንዳንዱ ጭረት ከድሮ የበላዩ ተለያይቷል።

«ኧረ አያ ቀበሮ፣ ጭረቶቹ እኮ የድሮ ቦታቸው ላይ ካልሆኑ…»

«ለጌታችን አንደኝነት አይገባቸውም እያልሽ ነው እመት ጃርት?»

አንበሳ ዞር ብሎ አያት። ጃርት አፏን ዘጋች። ያን ዝምታዋን ኋላ አብዝታ ረገመችው።

ምስጦቹ መጡ። መስመሩን ያነብባሉ፣ ያነበቡትን ወደየክፍሉ ያስገባሉ፣ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ፍጥነታቸው ጉድ ያሰኝ ነበር። ችግሩ ግን ያነበቡትን ቅርፊት እየበሉት ማለፋቸው ነው።

«እንዴ! ኧረ ቅርፊቱን ተዉት!» ብላ ጮኸች ጃርት።

«አትብሉ አልተባልንም» አለች የምስጦቹ አለቃ የመጨረሻውን ቁራሽ እያኘከች።

በማግስቱ ጠዋት የኩሬው ዘበኛ ጎሽ ከኩይሳው አጠገብ ቆሞ ባለተራዎችን ማስተናገድ ጀመረ። መጀመሪያ የመጣችው የጃርት ጎረቤት ሚዳቋ ናት። ገና የወለደችውን ግልገል አስከትላ ነበር፤ የግልገሏ ከንፈር በጥም ደርቋል። ዋርካው ላይ ጭረቷን ያደረገችው ከድኩላ ሥር ስለነበር ድሮ ጎህ ሲቀድ ነበር የምትጠጣው።

ጎሽ ኩይሳውን ጠየቀና መልሱን ነገራት። «ሲመሽ ነው ተራሽ፤ ከአያ ጅቦ ጋር።»

ከኋላ ቆሞ የነበረው ጅብ በደስታ ዘለለ። «እሰይ! ብቻን መጠጣት መቼ ደስ ይል ነበር! ግልገሉንም ይዘሽው ነይ እንጂ፣ አደራ!»

ሚዳቋ ግልገሏን በሰውነቷ ከለለችው። ከዚያ ጃርትን አየቻት። ያ አስተያየት ጃርትን ከስድብ ይበልጥ አንገበገባት። ይህ ግልገል አንድ ነገር ቢሆን በእኔ ትእዛዝ ነው ብላ አሰበች።

ይሄኔ አንበሳ እየተጎማለለ መጣ።

«ጌታዬ፣ ኩይሳው ሰዓት የለዎትም ይላል» አለ ጎሽ።

«ምን?!»

የምስጦቹ አለቃ ብቅ አለች። «በሰዓትዎ ቦታ ጭረት አገኘን። ከበላዩ ያለውን ውሰዱ ተብለናል። ወደ ላይ ብናይ ማንም የለም።»

«እንዴታ! ከእኔ በላይ ማን ሊኖር!»

«እኛም ያልነው እሱን ነው» ብላ ተመልሳ ገባች።

አንበሳ እያገሳ ወደ ቀበሮ ዞረ፣ ቀበሮ ደግሞ ወደ ጃርት ጠቆመ። ተፈረደባት፦ እስከ ነገ ካላስተካከለች እሷም ጎረቤቷም ከኩሬው ድርሽ እንዳይሉ።

ጃርት ዋርካው ሥር ቁጭ ብላ የተላጠውን ግንድ አየችው። መልሳ የምታነበው ነገር የለም። ስለዚህ ሁሉንም ጠርታ «እያንዳንድሽ፣ እያንዳንድህ፣ ሰዓትህን በገዛ አፍህ ንገረኝ። ጭረት ቀርቷል!» አለች።

አንበሳ አሰበ፣ አዛጋ። ለካ የሚጠጣበትን ሰዓት አያውቀውም፤ ቀጭኔ ስትሄድ እያየ ነበር የሚሄደው። «እንግዲህ… ከእንቅልፌ ስነቃ» አለ።

ቀበሮ እጅ ነሣ። «እኔማ እንደ ጌታዬ።»

«ሰዓቱን ተናገር እንጂ» አለች ጃርት።

«ከጌታዬ የተለየ ሰዓት አለኝ በል ነው የምትይኝ?»

ይህን የሰማ ነብር «እኔም እንደ ጌታችን» አለ። ዝሆን እንደዚያው፣ ከርከሮ እንደዚያው፣ ቀጭኔም የራሷን ሰዓት ትታ እንደዚያው። ሳይጨልም ውሃ ጠጥቶ የማያውቀው ጅብ እንኳ «እንደ ጌታችን!» ብሎ ጮኸ። ጃርት ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣት።

በመጨረሻ ሚዳቋ ቀረበች። ሁሉም አፍጥጠው አዩአት። ግልገሏን ወደ ሆዷ አስጠጋችና «እኔ ጎህ ሲቀድ ነው። ከልጄ ጋር። ሌላ ማንም ሳይኖር» አለች።

 ያን ሰዓት የፈለገ ማንም ስላልነበረ የተከራከራት የለም። ጃርት ቶሎ ብላ ለምስጦቹ ነገረቻቸው፤ የራሷንም ስም አስከትላ፣ ያለ ጭረት፣ ጎህ ሲቀድ ብላ ሙሉውን አስገባች።

በማግስቱ ንጋት ላይ ሚዳቋና ግልገሏ ያልደፈረሰውን ውሃ እስኪበቃቸው ጠጡ። ግልገሉ አፍንጫው ውስጥ ውሃ ገብቶበት ሲያነጥስ ጃርት ሳቀች። ከኩሬው ማዶ አንበሳ በጀርባው ተንጋሎ ያንኮራፋል። ከኋላው አውሬው ሁሉ ምላሱን አውጥቶ ተሰልፏል። ፀሐይ ወጣች፣ ረፈደ፣ አናት ላይ ሆነች።

ጅብ አላስችል አለው። «እመት ጃርት፣ ጌታችን መቼ ነው የሚነሱት?»

ጃርት አፏን ጠራረገች። «እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ከበላይህ ያለውን ጠይቅ።»

ጅብ ከርከሮን ጠየቀው፣ ከርከሮ ነብርን፣ ነብር ቀበሮን። ቀበሮ አንበሳን ሊጠይቅ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።