ጋሼ፣ ፈተናው እንዴት ሆነ?

የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ስለ ፍቅር ከምታወራው የበለጠ አሰልቺ ነገር በዓለም ላይ የለም። አለ ካላችሁ፣ ያው ወሬ ፊልም ሆኖ ሲመጣ ነው። ከዚያም የባሰ አለ… ያንን ፊልም ለማየት አንድ ሙሉ ማኅበር ነጭ በነጭ ለብሶ ሲሰበሰብ! እኔ ሦስቱንም በአንድ እሑድ ከሰዓት አይቻለሁና ዝም ብላችሁ አድምጡኝ።

ሊዲያ የምትባል ልጅ አለች፤ የወይዘሮ አሰለፈች ልጅ። ግራንድ ፕሬሪ ከተማ መጋዘን ውስጥ የሠራ ሐበሻ ሁሉ እናትየዋን ያውቃታል። ልጇን ቪከሪ ሜዶ ሰፈር ውስጥ ለብቻዋ ያሳደገች፣ ከመናገር መሥራት የሚቀላት፣ ሠርግ ላይ እንኳ ተጋብዛ ሄዳ ሳህን ማጠቢያው ጋ የምትገኝ ሴት ናት። ልጅቷ ነርስ ትሆናለች ብለን ስንጠብቅ ካሜራ ይዛ ብቅ አለች። "ኢንዲፔንደንት ፊልም" ሠራሁ አለች። ኢንዲፔንደንት ምን ማለት እንደሆነ ለማታውቁ ላስረዳ፤ ከገንዘብ ነፃ፣ ከመብራት ነፃ፣ ከመጨረሻም ነፃ የሆነ ፊልም ማለት ነው።

እኛ ደግሞ ልማዳችንን ታውቁታላችሁ። የሐበሻ ልጅ አንድ ነገር ሠራች ከተባለ፣ ምን ሠራች ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ልጃችን ናት፣ አለቀ! ባንክ ዘረፈች ቢባል እንኳ የማኅበራችን ሊቀ መንበር ተሾመ መጀመሪያ አዳራሽ ይከራያል፣ ቀጥሎ ሳምቡሳ ያዛል፣ ለማመስገን መድረክ ላይ ከወጣ በኋላ "ለመሆኑ የትኛውን ባንክ ነው?" ይላል። በፊልሙ ማስታወቂያ ላይ ነጠላ የተከናነበች ልጅ ነበረች። በቃ፣ የባህል ፊልም ነው ተባለ። ትኬቱ አለቀ። የማኅበራችን አዛውንት እማማ ዘነበች ሊመርቁ ድፎ ዳቦ ደፉ።

ዋዜማውን ተሾመ ኮል አደረገልኝ።

"ስማ፣ ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው አሉ።"

"እና?"

"እናቶች አይሰሙማ! አንተ ማይክ ይዘህ ትራንስሌት ታደርግልናለህ።"

"ፊልሙን እኮ አላየሁትም።"

"መጽሐፍ ታነብ የለ እንዴ? ያው ነው!"

እዚህ አገር መጽሐፍ ያነባል የተባለ ሰው መከራውን ያያል። የሰው የኢንሹራንስ ደብዳቤ ያነባል፣ የሰው መድኃኒት ጠርሙስ ያነባል፣ የማይክሮዌቭ መመሪያ ያነባል። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ማይክ ተሰጥቶት እምቢ ያለ ሐበሻ እስቲ አንድ ጥሩልኝ?

እሑድ ደረሰ። ወይዘሮ አሰለፈች "ዛሬ እንኳ ወደ ኩሽና ድርሽ እንዳትዪ" ተብላ በግድ ፊት ወንበር ላይ፣ ከእማማ ዘነበች አጠገብ ተቀመጠች። ሊዲያ ከኋላ ፕሮጀክተሩ ጋ ቆመች። መብራት ጠፋ።

ፊልሙ በጣራ ማራገቢያ፣ በፋን፣ ጀመረ። ፋኑ ይዞራል። አሁንም ይዞራል። እኔ ማይክ ጨብጬ ቆሜያለሁ፤ ሰው ሁሉ ያየኛል።

"ፋን ነው" አልኩ።

"አየነው ልጄ" አሉ እማማ ዘነበች።

ቀጥሎ ራሷ ሊዲያ መኪና ውስጥ ሆና ቀይ መብራት ትጠብቃለች። አረንጓዴ በራ። አልተንቀሳቀሰችም፤ ታስባለች። ፎርት ዎርዝ መንገድ ላይ አረንጓዴ በርቶ እንደዚያ ያሰበ ሰው እስከ ዛሬ በሕይወት ይኖራል ብዬ አላምንም። ከዚያ ናትናኤል የሚባል ልጅ ጊታር ይዞ መጣ። ጊታሩ ምን በደለው? እያሠቃየው "እወድሻለሁ" አላት። እሷ ጣራውን፣ ማለትም ያንኑ ፋን፣ አይታ መለሰች።

"'ምን እንደሆንኩ አላውቅም' ትለዋለች" አልኩ።

"ሐበሻ ነሽ በሏት!" አሉ እማማ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ተሾመማ ቆሞ ነው ያጨበጨበው።

ቀጥላ ሰላም የምትባል ጓደኛዋ መጣች። ሁለቱ ልጃገረዶች መጋዘኑ ፓርኪንግ ውስጥ መኪና ኮፈን ላይ ተቀምጠው፣ ከአንድ ከረጢት ቺፕስ እየበሉ፣ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ያያሉ። ካሜራው ከሰላም ፀጉር አልነቀል አለ። ቆየ… ቆየ… ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ያኔ ገባኝ። 

"ምን ይላሉ?"

"ስለ… አውሮፕላን ነው የሚያወሩት።"

ደግነቱ ስለ አውሮፕላንም ያወሩ ነበር።

ከዚያ አንድ ጠባብ ኩሽና መጣ። የመጋዘን ሸሚዟን ያላወለቀች ሴት፣ ጀርባዋን ሰጥታ ሳህን ታጥባለች።

"ውይ! እኔ ነኝ እኮ!" አለች ወይዘሮ አሰለፈች። "ይቺ ልጅ! ሳላውቅ ቀርጻኛለች!" አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ውሃው ይወርዳል። ከካሜራው ጀርባ የሊዲያ ድምፅ በእንግሊዝኛ ተሰማ። ለእናንተ የምዋሽበት ምክንያት የለኝም፤ ያለችው ይህን ነው። "ማሚ፣ ፍቅር ሳይዘኝ አልቀረም። ማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ናትናኤል ነው ብዬ ነበር። አሁን ሰላም ትመስለኛለች። ፈርቻለሁ።"

ጀርባው አልዞረም። አንዲት እጅ ወደ ቧንቧው ሄደች፤ ውሃው ጨመረ።

ዘወር ብዬ ሊዲያን አየሁ። ፊልሙን አታይም። የምታየው የእናቷን ነጠላ ነበር። ያ ሁሉ ፋን፣ ያ ሁሉ ቀይ መብራት፣ ያ ምስኪን ጊታር፣ ለካ የተደረደረው ለዚህች አንዲት ነገር ነው። አንዴ የተናገረችውን፣ እናቷ ቧንቧ በሌለበት ተቀምጣ እንድትሰማላት።

"ምን አለቻት?" አሉ እማማ ዘነበች። ወይዘሮ አሰለፈችም ቀና ብላ አየችኝ።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ አንተ ብትሆን ምን ትላለህ? እኔ እዚችው ዓምድ ላይ ይሉኝታን ስሰድብ፣ ድብብቆሻችንን ስነቅፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። እውነት ይነገር ስል ጉሮሮዬ የደረቀ ሰው ነኝ። ማይኩን አፌ ጋ አስጠጋሁና…

"'እማዬ፣ ፈተና አስጨንቆኛል' ትላታለች" አልኩ።

"አይዞሽ!" አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ። "ታጠናለቻ!" አለ ተሾመ።

"ኖ!" የሚል ጩኸት ከኋላ መጣ። ፊልሙ ቆመ። "ኖ፣ ጋሼ! እኔ እሱን አላልኩም!"

ሳምቡሳ የሚያኝክ እንኳ ማኘኩን አቆመ። ሊዲያ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ጀመረች።

"ማሚ፣ ፈተና የለም። ማለቴ… እኔ አንድ ሰው እወዳለሁ። ወንድ ነው ሴት ነው፣ አይ ዶንት ኖው። ሰላም ይመስለኛል። ላንቺ ነገርኩ። ውሃ ነበር፣ አልሰማሽም።"

ነጠላዎች ወደ አፍ ሄዱ። ተሾመ ጉሮሮውን ጠረገና "እንግዲህ… ትኩስ ሳምቡሳ ቀርቧል" አለ። ማንም አልተነሳም። የተነሳችው ወይዘሮ አሰለፈች ብቻ ነበረች።

"ሰምቼሻለሁ" አለች።

"ዋት?"

"ያን ቀን ሰምቼሻለሁ፤ እንግሊዝኛው አልጠፋኝም። ውሃውን ማን የጨመረው መሰለሽ?"

"ዋይ፣ ማሚ?"

"የምለው ጠፋኛ! ሳህኑ እስኪያልቅ ላስብ አልኩ። ስጨርስ ዞር ብል የለሽም።"

እማማ ዘነበች ቀሚሷን ያዝ አደረጓት። "አሰለፈች፣ ኧረ ውጪ ተነጋገሩ፤ ሰው ይሰማል።"

"ሰውማ ትኬት ቆርጦ ነው የመጣው፣ እማማ። ይስማ እንጂ።"

"ሶ አሁን ምን ትያለሽ?" አለች ሊዲያ። 

"አሁንም የምለውን አላገኘሁም፤ ልዋሽሽ? ቤት እንሂድና ከመጀመሪያው ንገሪኝ።" ቦርሳዋን አነሳች። "ውሃ አልከፍትም።"

ልጅቷ ዕቃዋን እንኳ ሳትሰበስብ ተከተለቻት። እናትየዋ እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

"አንተ ደግሞ፣ የምን ፈተና ነው?"

በዚያ ቀን ሊዲያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው ያኔ ነው። በእኔ ላይ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። ትኬቱን ሲገዛ ስለ ምን እንደሆነ ያልጠየቀ ሁሉ "ለምን አልተነገረንም?" ብሎ ተቆጣ። ወይዘሮ አሰለፈችን ሰላምታ የነፈጓት አሉ፤ ሠርግ ሲደርስ ሳህን የሚያጥብ ሲያጡ ይመለሳሉ። እማማ ዘነበች ግን ዳቦውን ቆርሰው ግማሹን ቤቷ ላኩላት። "ፊልሙ አላማረኝም" አሉኝ፤ "ዳቦው ግን ምን አደረገ?"

ስለ ፊልሙ የእኔም አስተያየት አልተለወጠም። መጥፎ ነው። ፋኑ ይበዛበታል፣ ጊታሩ በሕግ ሊጠየቅ ይገባል፣ ከዚያ ሁሉ ሥዕል የሚታይ ነገር ቢኖር የአንዲት ሴት ጀርባ ብቻ ነው። ይህን ለሊዲያ ራሷ ነግሬያታለሁ። "ኦኬ ጋሼ፣ ግን አንተ ትራንስሌተር አትሁን" አለችኝ። ተስማምተን ተለያየን።

የማልስማማው ከቀሩት ወጣቶች ጋር ነው። እንጀራ ልገዛ ሱቅ ስገባ፣ መኪና ፓርክ ሳደርግ፣ ቤንዚን ስቀዳ እንኳ ከሆነ ቦታ አንዱ ይጮህብኛል።

"ጋሼ፣ ፈተናው እንዴት ሆነ?"

"ወደቅኩ" እላለሁ።