ሊቀ ጨማሪያን ጋሽ መኳንንት

ሦስት ኢትዮጵያውያን በተሰበሰቡበት አንድ ኮሚቴ አለ። ኮሚቴ ባለበት ደግሞ፣ ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን አጥፎ፣ ሰዉ ኮቱን ደርቦ፣ የመኪና ቁልፍ በየእጁ መንቀጫቀጭ በጀመረበት ደቂቃ አንዲት ጣት ወደ ላይ ትወጣለች። «አንድ ነገር ልጨምር።» ይህን ሰው አላውቀውም የሚል አንባቢ ካለ ወይ ዕድለኛ ነው፣ ወይ ራሱ ሰውየው ነው።

በናይሮቢ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ሊቀ ጨማሪያን ጋሽ መኳንንት ናቸው። ማንም አልመረጣቸውም፤ ሊያወርዳቸው የቻለም የለም። ሃያ ሰባት ዓመት ኢምባካሲ ውስጥ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ የጭነት መጋዘን፣ ወረቀት ሲያገላብጡ ኖረው ጡረታ ወጡ። ከዚያ ይዘውት የወጡት ንብረት ሁለት ነው፤ የወገብ ሕመምና የማንኛውንም ወረቀት ጀርባ የማየት አመል። ምግብ ቤት ሜኑ ሲቀርብላቸው እንኳ መጀመሪያ ገልብጠው ጀርባውን ያያሉ። «ሰው ዋናውን ነገር ፊት ለፊት አይጽፍም» ይላሉ።

ማታቱ የሚባለውን የከተማውን ሚኒባስ ሲሳፈሩ ረዳቱ «ኢስትሊ፣ ኢስትሊ» እያለ ሲጣራ፣ እሳቸው ከኋላ ወንበር ሆነው የዘለላቸውን ፌርማታዎች በስዋሂሊ ይጨምሩለታል። ባለፈው ዓመት አንድ ሠርግ ላይ ሽማግሌው ሙሽሮቹን መርቀው ተቀመጡ። ጋሽ መኳንንት ተነሥተው ምርቃቱ ላይ ጨመሩ። ሙሽሮቹ ሲንበረከኩ የተመረቀላቸው አንድ ልጅ ነበር፤ ሲነሡ ሰባት ደርሶ ነበር።

ይህን ሁሉ በቃለ ጉባኤ የመመዝገብ ዕዳ የወደቀባት ለይላ ናት። ለይላ ትምህርት ቤት ሊያሠራ የተቋቋመው የኢትዮጵያውያን ኮሚቴ ጸሐፊ ትሁን እንጂ ዋና ሥራዋ ማስተማር ነው። ኢስትሊ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰማንያ አራት ልጆች አሏት። ክፍሎቹን የሚለያቸው መጋረጃ ነው። ከመጋረጃው ወዲህ ሒሳብ፣ ከወዲያ ማዶ አማርኛ። ላሚያ የምትባል የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የራሷን ጥያቄ ትታ የማዶውን መመለስ ከጀመረች ቆይታለች። የፎቁ ባለቤት ግን እንግዳ ማረፊያ ላደርገው ነው፣ በጃንዋሪ ልቀቁልኝ ብሏል። እስከዚያ ትምህርት ቤት ካልተሠራ ሰማንያ አራቱም በየቤታቸው ይቀራሉ።

ትምህርት ቤቱማ ሊሠራ ነበር። ሊቀ መንበሩ አቶ አየለ፣ ሁርሊንግሃም ውስጥ ምግብ ቤት ያላቸው ሰው፣ ከዚያው ሰፈር ወረድ ብሎ አንድ ግቢ በርካሽ አገኙና በሳምንቱ ፈረሙ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ግቢው የረከሰው በምክንያት ነበር። መሃሉ ላይ ከምድር ባቡሩ ዘመን የቀረ፣ ባለ ቀይ ሸክላ ጣሪያና ባለ ሰፊ በረንዳ የድንጋይ ቤት ተገትሯል። ከተፈረመ በኋላ ከቅርስ መሥሪያ ቤቱ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ መጣ። ለይላ በስብሰባው መሃል ቆማ ወደ አማርኛ መለሰችው፤ በነጋታው ቃለ ጉባኤው በየስልኩ ገባ። «ቤቱ በሕግ የተከለከለ ነው።»

ቃለ ጉባኤ ካለ ደብዳቤ ምን ይሠራል? ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ገባ። ፋይል ውስጥ የገባ ደብዳቤ ደግሞ ተስካሩ የወጣ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ የቤቱን ደፍ የረገጠ የለም። አቶ አየለ ራሳቸው በሩቁ እየዞሩ ያዩታል፤ ሊሳለሙት የመጡ ይመስላሉ። መሐንዲሱ ሙስዓብ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛ የሚናገር ግን የማያነብ ወጣት ነው። «ሶ፣ ቤቱን ምንም አንነካውም?» ብሎ ጠየቀ።

«አንነካውም፣ አንገባበትም» አሉት አቶ አየለ። «ዙሪያውን ሥራ።»

ዙሪያውን ሠራ። ፕላኑ ሲዘረጋ ዶናት ነበር፤ ቀዳዳው ቤቱ ነው። አዲሱ ግንብ ከአሮጌው ጣሪያ በላይ እንዳይወጣ በኮሚቴው ታዘዘ፤ ፎቁ ቀረ። ዐሥር ሜትር እንዲርቅ ታዘዘ፤ ከአንደኛ ክፍል ወደ መጸዳጃ ቤት የሚሄድ ልጅ ስንቅ የሚያስፈልገው ሆነ። ማሽን አሮጌውን ግድግዳ ስለሚያናጋ መሠረቱ በእጅ እንዲቆፈር ታዘዘ። ዐሥራ አንድ ሚሊዮን ሽልንግ የተባለው ዐሥራ አምስት ገባ።

ጋሽ መኳንንት ጣታቸውን ያነሡት እዚህ ላይ ነው።

«አንድ ነገር ልጨምር። የሴቶቹ መጸዳጃ ለብቻው ይሁን።» ትክክል ነው። ተጨመረ። በወሩ፣ «አንድ ነገር ልጨምር። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ከተማ ታንከር የሌለው ትምህርት ቤት ምንድን ነው?» ትክክል ነው። ተጨመረ። በሌላው ወር በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጣ ልጅ መወጣጫ። እሱም ትክክል። እሳቸው ሲጨምሩ ሙስዓብ ይጨምራል፤ ሙስዓብ ሲጨምር ሲሚንቶ ሻጩ ይጨምራል። የጋሽ መኳንንት ይቅር የማይባል ጥፋት ይኸው ነው፤ ሁልጊዜ ልክ ናቸው። የተሳሳተን ሰው በድምፅ ብልጫ ትጥለዋለህ፤ ልክ የሆነን ሰው በምን ትጥለዋለህ?

ልክ ያልሆኑት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኮሚቴው ተመችቶት የሚመክርበት፣ መቶ ሃያ ወንበር ያለው የስብሰባ አዳራሽ እንዲጨመር ጠየቁ። እሱ ብቻ ያለ ምንም ክርክር በጭብጨባ ጸደቀ። ሒሳቡ ሃያ ሁለት ሚሊዮን ደረሰ።

«ጋሼ» አለቻቸው ሰአዳ፣ የኢስትሊ ነጋዴና የኮሚቴው አባል፣ «ሱቄ መጥተው ቢቀመጡልኝ እኮ ዕቃዬን በእጥፍ እሸጥ ነበር። እርስዎ አፍዎን ሲከፍቱ ዋጋ ይወጣል።»

«ከመቼ ጀምሮ ልምጣ?» አሏት።

ለይላ አልሳቀችም። «ጋሽ መኳንንት ጨመሩ» ብላ በጻፈች ቁጥር ጃንዋሪ አንድ እርምጃ ይቀርባል። ያቺን ጣት በሕልሟ ታያት ጀመር። አንድ ቀን ቃለ ጉባኤውን እንደ ልማዳቸው አሳትመው፣ በቀይ እስክሪብቶ አርመው ሲመልሱላት ፊት ለፊታቸው ልትቀደው ትንሽ ቀራት።

በኦክቶበር፣ በአቶ አየለ ምግብ ቤት የጓዳ ክፍል፣ የመጨረሻው ስብሰባ ተጠራ። ሊቀ መንበሩ ቆመው አነበቡ። የሚያስፈልገው ሃያ ሁለት፣ በእጅ ያለው ዘጠኝ። ስለዚህ መሬቱ ይሸጥ፤ ትምህርት ቤቱም ለተሻለ ጊዜ ይተላለፍ። ለተሻለ ጊዜ የተላለፈ ነገር የት እንደሚቀበር ኮሚቴ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል።

«ከመሸጥ ሸክላውን ከጣሪያው ላይ እናውርድለትና ቀሪውን ዝናቡ ይጨርሰው» አለች ሰአዳ። «ዝናብ አይከሰስም።»

«አንቲ ሰአዳ፣ እኔ ግን እከሰሳለሁ» አለ ሙስዓብ።

«መሬቱ ይሸጥ የምትሉ» አሉ አቶ አየለ። እጆች አንድ በአንድ ወጡ። ለይላ የሷን ደብተሩ ላይ እንደተጫነች ቀረች። ከመጋረጃ ማዶ የምትመልሰው ላሚያ ከፊቷ አልጠፋ አለች። በዚህ መሃል፣ ከእጆቹ ሁሉ ኋላ፣ ያቺ ጣት ወጣች።

«ያ ረቢ» አለች ሰአዳ።

«ጋሽ መኳንንት፣ ከዚህ በላይ ምን ይጨመራል?» አሉ አቶ አየለ። «ልንሸጠው እኮ ነው።»

«ዛሬ አልጨምርም። አንድ ነገር ልቀንስ።»

አስተናጋጇ እንኳ ትሪዋን ይዛ ቆመች። እንዲህ ያለ ቃል ከዚህ አፍ ወጥቶ አያውቅም።

«ምን ሊቀንሱ?»

«አንዲት ፊደል። ከን።»

ከደረት ኪሳቸው ያንን የተቀበረ ደብዳቤ አወጡ። መሬቱ ሊሸጥ ነው ሲባል ወረቀቶቹ ይታዩ ብለው ከስብሰባው ሳምንት ቀደም ብለው ፋይሉን ከለይላ ወስደው ነበር። «እዚህ ፊቱ ላይ፣ እንግሊዝኛው ሲመለስ፣ ቤቱ የተከለለ ነው ይላል። ተጠብቆ የተያዘ ነው ማለት ነው። የኛ ቃለ ጉባኤ የሚለው የተከለከለ ነው። ጀርባው ላይ ደግሞ» ብለው ገለበጡት፣ «እስካልፈረሰና እስካልተለወጠ ድረስ ለማንኛውም ሰላማዊ አገልግሎት፣ ለማስተማርም ቢሆን ይውላል ይላል። ሰኞ ቅርስ መሥሪያ ቤቱ ሄጄ ጠይቄያለሁ። ሰውየው፣ ስድስት ክፍል ያለው ቤት ይዛችሁ ምን ትቆፍራላችሁ አለኝ። ዓመት ከስድስት ወር ሙሉ አንዲት ከ በር ላይ ቆማ አላስገባም ብላናለች።»

አቶ አየለ ደብዳቤውን ተቀብለው ፊቱንና ጀርባውን አገላበጡ።

«አዳራሹንም ቀንሱት» አሉ ጋሽ መኳንንት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

ሙስዓብ ስልኩን አውጥቶ ይደምር ጀመር። ስድስቱ ክፍል ከአሮጌው ቤት፣ ሁለት አዲስ፣ መጸዳጃው፣ ታንከሩ፣ መወጣጫው። «ከዘጠኝ አያልፍም» አለ።

ለይላ አልሰማችውም። ያን ቃለ ጉባኤ በስልኳ ስትጽፍ፣ «የተከለ» ብላ ጀምራ ሳትጨርሰው ስልኩ ከታች ከደረደረላት ቃላት አንዱን በአውራ ጣቷ ነክታ ማለፏ ትዝ አላት።

ኮሚቴ መፍትሔ ሲያገኝ ቀጥሎ የሚፈልገው ጥፋተኛ ነው። «ቆይ እስኪ» አሉ አቶ አየለ፣ «ያቺን ከ ማን ጨመራት?»

ለይላ አፏን ከፈተች።

«ማን ይሆናል?» አሉ ጋሽ መኳንንት። «እኔ ነኛ። ቃለ ጉባኤውን ሳርም።»

ሁሉም ተነፈሱ፤ ነገሩ ቦታውን አገኘ። «እኔማ ያኔውኑ ጠርጥሬ ነበር» አለች ሰአዳ። አቶ አየለ ሩብ ሰዓት ሙሉ ወቀሷቸው። ስለ ኃላፊነት፣ ስለ ጥንቃቄ፣ ሰው በማያገባው ስለ መግባት። ጋሽ መኳንንት አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። አንድም ነገር አልጨመሩም።

ለይላ መንገድ ላይ ደረሰችባቸው። «ጋሼ፣ ያቺ ከ እኮ የኔ ናት።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን እንዲያ አሉ?»

«ልጄ፣ እኔ ጀርባውን ሳላይ ዓመት ከስድስት ወር የኖርኩ ሰው ነኝ። ከዚህ የባሰ ምን ጥፋት አለ? ደግሞ እኔ ላይ አንድ ጭማሪ ቢጨመር ማን ይቆጥረዋል?» ማታቱ መጣ። ተሳፍረው ከኋላ ተቀመጡ፤ መኪናው ሳይነሣ ለረዳቱ ፌርማታ ሲጨምሩለት በመስኮቱ ተሰማ።

በጃንዋሪ የድንጋይ ቤቱ ተከፈተ። ላሚያ በአሮጌው ሳሎን፣ ከወፍራም ግድግዳ ወዲህ፣ የራሷን ጥያቄ ብቻ መመለስ ግድ ሆነባት፤ ውጤቷም ለጊዜው ቀነሰ። ኮሚቴው አዳራሽ ስለሌለው በረንዳው ላይ ይሰበሰባል።

በማርች በተደረገው ስብሰባ ጋሽ መኳንንት አልነበሩም። የመስኮቶቹን ቀለም በተመለከተ አንድ ነገር ሊጨምሩ ቅርስ መሥሪያ ቤት ሄደው ነበር፤ እዚያ ወንበር ለይተውላቸዋል ይባላል። ስብሰባው በአርባ ደቂቃ አለቀ። አቶ አየለ ወረቀታቸውን አጠፉ። ቁልፎች ተንቀጫቀጩ። የተነሣ ግን የለም፤ ሁሉም የጋሽ መኳንንትን ባዶ ወንበር ያያሉ።

ለይላ ጣቷን አነሣች።

«አንድ ነገር ልጨምር» አለች። «ያቺን ከ የጨመርኳት እኔ ነኝ። ጋሽ መኳንንት አይደሉም።»

ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀችው ሰአዳ ናት።

«ተይ እንጂ ለይላ» አሉ አቶ አየለ። «እዚህ ኮሚቴ ውስጥ የሚጨምር አንድ ሰው ነው። በሌሉበት ስማቸውን አትንጠቂያቸው።»

ነገሩ ለድምፅ ቀረበ። የለይላ ኑዛዜ በሙሉ ድምፅ ውድቅ ሆነ፤ እሷም ጸሐፊ ናትና እንደዚያው መዘገበችው። ከመላኳ በፊት ግን እንደ ጋሽ መኳንንት አሳትማ፣ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች።