ጥር የማርሊስ ወር ነው

በየከተማው አንድ ደህና የሚመስል ሰው አይጠፋም። ደህና አይደለም፤ ግን ደህና አለመሆኑን ለመንገደኛ ሁሉ ሲያስረዳ መኖር አንገሽግሾታል። እንዲህ ያለው ሰው ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ይናከሳል። ሰሜን ሚኒሶታ ሐይቅ ዳር ላለችው ከተማችን የደረሳት የሚናከሰው ነው። በሙሉ ማዕረጓ ስትጠራ ክብርት ወይዘሮ ማርሊስ ቶርቪክ ትባላለች፤ ጎረቤቴ ናት።

ማርሊስን ከዓመታት በፊት ስትሮክ ነካ አድርጓት አልፏል። እጇም ዓይኗም ጤነኛ ነው፤ ሐኪሙም የመንጃ ፈቃድ ፈታኙም አሳልፈዋታል፤ መሪ ስትጨብጥ ከእኔ ትሻላለች። ብቻ ስትራመድ ወደ ጎን ትንገዳገዳለች፤ ሲደክማት ምላሷ ይተሳሰራል። የማያውቃት ሰው ከመጠጥ ቤት የወጣች ይመስለዋል። የሚያውቃት ደግሞ "ምንም አትመስዪም እኮ!" ይላታል፣ እንደ ምርቃት።

"አንተም አስተዋይ ትመስላለህ" ትለዋለች። "መልክ ያታልላል።"

ይህን ያላለችው ሰው የለም። ለጥርስ ሐኪሟ ብላዋለች። ለፓስተራችን ብላዋለች፣ ያውም ምእመናን እየሰሙ። እኔማ ለምጄዋለሁ።

ጥርን ትወዳለች። ጥር ላይ መንገዱ ሁሉ በረዶ ነው፤ ከንቲባው ሳይቀር እጁን ዘርግቶ፣ ጉልበቱን ሰበር አድርጎ እንደ ዳክዬ ይሄዳል። "ይኸው፣ አገሩ ሁሉ እኔን ሆነ!" ትላለች በመስኮቷ እያየች። መከራዋ የሚመጣው በረዶው ሲቀልጥና ሌላው ሰው ቀጥ ሲል ነው።

ሚያዝያ ላይ አንድ አዲስ ፖሊስ አስቆማት። የምትነዳው የቤተ ክርስቲያናችንን ቫን ነበር፤ ከቤት መውጣት ላቃታቸው ሽማግሌዎች ትኩስ ምሳ ታደርሳለች፣ እኔ ሣህኑን እሸከማለሁ። ይህ ሥራ እስትንፋሷ ነው።

"ማዘር፣ ስንት ጠጥተው ነው?" አላት ልጁ።

"ቡና ከሆነ ሦስት።"

"እስቲ ይውረዱና በዚህ መስመር ላይ ይራመዱ።"

"በጥር ና፣ አብረን እንራመዳለን!"

ትንፋሿን ቢለካው ምንም የለበትም፤ ለቀቃት። ሆኖም ዋናው መንገድ ላይ፣ የፖሊስ መብራት እየበራባት ስትንገዳገድ ያላያት አልነበረም።

በእኛ አገር ማንም ፊት ለፊት "ተባረሻል" አይልም። ምግብ ይልካል። የምሳ ኮሚቴዋ ሰብሳቢ ቬርና "ቁልፉ እስቲ እኔ ጋ ይቀመጥ፣ አንቺም ትንሽ እረፊ፣ ማርሊስዬ" ብላ የቫኑን ቁልፍ ወሰደች። በማግስቱ የማርሊስ ደጃፍ በድንችና በሥጋ ድስት ተሞላ፣ ልክ እንደ ለቅሶ ቤት።

"ማን ሞቶብኝ ነው?" ብላ ጮኸች። ከዚያ ገባት። ምግቡን አብረን በላነው፤ ንዴቷ ግን አልወረደም።

መንጃ ፈቃዷ ላይ የማይታይ ጉዳት እንዳለባት የሚያሳይ ምልክት እንዲደረግላት ያመለከተችው ያኔ ነው። ቀድሞ ስመክራት "ሰው ማየት ስላልቻለ እኔ ምልክት ልለጥፍ?" ብላ አባርራኝ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ስንደርስ ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየቻትና "ምንም አይመስሉም እኮ" አለቻት። ምን እንደተመለሰላት መናገር አያስፈልገኝም።

መስከረም ላይ ያው ፖሊስ የራሷን መኪና ስትነዳ አስቆማት። ምልክቱን አነበበ፣ ፊቱ ተለወጠ፤ ከዚያ መስማት የተሳናት ይመስል እየጮኸ፣ ቃሉን እየጎተተ፣ "ደ...ህ...ና ነዎት?" አላት።

"ጆሮዬ ደህና ነው፣ አንተ ልጅ! እግሬ ነው! ቢሆንም ስላነበብክ ተባረክ።"

ቬርና ግን መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለውን ምልክት አይታም የቫኑን ቁልፍ አልመለሰችም። "በረዶ ሊመጣ ነው፣ እህቴ፤ ጸደይ ላይ እንነጋገራለን" አለች። እስከዚያ ቫኑን ራሷ ነዳችው፤ እየፈራች ቀስ ብላ ስትነዳ ለሽማግሌዎቹ ሾርባው ቀዝቅዞ ይደርሳቸው ጀመር።

ጥር ገባ። አንድ እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ በበረዶው ላይ ዝናብ ዘንቦበት ግቢው መስታወት ሆኗል። ኮሚቴው በሙሉ በር ላይ ተኮለኮለ። ቬርና አንድ እርምጃ ሞከረች፤ እግሮቿ ወዲያና ወዲህ ሄዱባት፣ የበሩን እጀታ አቅፋ ቀረች። ማርሊስ እንደ ወትሮዋ ወደ ጎን እየተንገዳገደች መሐል ግቢ ደረሰች። መሬት ሲከዳት መኖር ለምዳለች። እዚያ ቆማ ዞር አለች።

"ቬርና! ስንት ጠጥተሽ ነው?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ቬርናም ሳቋ መጥቶባት ነበር፣ እንዳትወድቅ ፈርታ ዋጠችው።

"ነይ አውጪኝ ማርሊስዬ፣ በእናትሽ።"

ማርሊስ ተመለሰች። ክንዷን ሰጠቻትና እስከ መኪናዋ አደረሰቻት። እዚያ ሲደርሱ አልለቀቀቻትም፤ ሌላኛውን መዳፏን ዘረጋችላት።

"ቁልፌን።"

"እዚህ በረዶ ላይ?"

"እዚሁ በረዶ ላይ።"

ቬርና ቦርሳዋን ከፈተች።

ይኸው ምሳው እንደገና ሳይቀዘቅዝ ይደርሳል። በአንድ እጄ ሣህን፣ በሌላው የማርሊስን ክንድ ይዤ ከደጃፍ ደጃፍ እንሄዳለን። እወዳታለሁ፤ እንዳልነግራት ምላሷን እፈራለሁ። የሚያየን ሰው "እንዴት ያለ ደግ ጎረቤት ነው፣ ደግፏት ይሄዳል" ይላል። የእኔ ጉልበት ካለቀ ግን ቆይቷል፤ እሷ ባትይዘኝ የመጀመሪያውን ደጃፍ አላልፍም። መልክ ያታልላል።